ወደ ግራ የዞረ ቀለም

ድም። ድም። ድም።

ዓይኗን ከመግለጧ በፊት የሚሰማት ይኸው ነው። የፋብሪካው መጭመቂያ ማሽን ናሱን እየረገጠ የጥይት ቀልሃ ሲያወጣ፣ ድምፁ ከግቢው አልፎ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ በግድግዳው በኩል አልጋዋ ድረስ ይመጣል። መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ እየተነካኩ ይንቀጫቀጫሉ። ቤታቸው ያደረ እንግዳ ሁሉ ጠዋት ላይ ዓይኑን እያሸ፣ "ይኼን እየሰማችሁ እንቅልፍ እንዴት ይወስዳችኋል?" ይላል። እሷ ደግሞ ሌላ ቤት ስታድር የሚቸግራት ዝምታው ነው። ቤቱ ትንፋሹን የያዘ ይመስላታል።

የዚያን ቀን ጠዋት ድምፁ ዘገየ። ድም አለ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ ድም አለ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጉሮሮ እንደሚጠርግ ሽማግሌ፣ አጉረመረመና ቀረ።

ብርጭቆዎቹ ጸጥ አሉ። ዓይኗን ገለጠች። አጠገቧ ያለው ትራስ አልተነካም፤ ባሏ የማሽን ጠጋኝ ነው፣ የሌሊት ፈረቃ ነበር። "ቀበቶው ተበጥሶ ይሆናል" አለች ለራሷ፣ ተነሥታም ቱታዋን ለበሰች።

ሰፈሩ በሥራዋ ነው የሚጠራት፤ ቀቢዋ ይሏታል። ሥራዋን ለሚያይ ሰው የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ያለቀለት ጥይት በእንጨት ገበታ ላይ ቂጡን ወደ ላይ አድርጎ ተደርድሮ ይመጣላታል። ቂጡ ላይ የጠመንጃው መርፌ የሚመታት፣ የምስር ፍሬ የምታህል ክብ አለች። በዚያች ክብ ዙሪያ በቀጭን ብሩሽ ቀይ ቀለም ታዞራለች፤ እርጥበት ሾልኮ ባሩዱን እንዳያበላሸው። ያልተቀባች ጥይት ዝናብ ካገኛት ትከሽፋለች። ጥይቱ ሄዶ ማንን እንደሚያገኝ ቀቢዋ አታስብም፤ ላስብ ብትል ብሩሹን መያዝ አትችልም ነበር። የምታስበው እንዳይከሽፍ ብቻ ነው።

ግራኝ ናት። ሌሎቹ ሴቶች ብሩሹን ወደ ቀኝ ሲያዞሩ እሷ ወደ ግራ ታዞራለች፣ ብሩሹን ስታነሣም ክቧ መጨረሻ ላይ ትንሽ የቀለም ጭራ ትቀራለች። ጥይቱ እንደፈለገ ቢገላበጥ የጭራዋ አዟዟር አይለወጥም። ዓይን ያለው ሰው ካንድ ሳጥን ውስጥ የእሷን ለይቶ ያወጣል።

ትልቁ ልጇ ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ዘመተ። እሱ ከሄደ በኋላ እህል አልወርድላት አለ፤ ሌሊቱን ጣራ ጣራውን ስታይ ታነጋለች። ታዲያ አንድ እሑድ ልጁ ደወለና፣ "እማዬ፣ ዛሬ ሳጥን ስንከፍት ማንን እንዳገኘሁ ገምቺ" አላት።

"ማንን አገኘህ?"

"አንቺን። ቀለሙ ወደ ግራ ዞሮ፣ ጭራውን ጥሎ። ለጓደኞቼ ሁሉ አሳየኋቸው። የእናቴ እጅ ናት ስላቸው፣ እንግዲያማ አትከሽፍም አሉኝ።"

ያን ቀን ሁለት ጊዜ ራት በላች ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ጭራዋን ሆን ብላ ትንሽ ታስረዝማት ጀመር፤ ልጁ በቶሎ እንዲያገኛት። የክፍሉን ተቆጣጣሪ ሁሉም ሻለቃ ይሉታል፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ስለሚንጎራደድ ነው እንጂ ጠመንጃ ነክቶም አያውቅ። አንድ ቀን ከኋላዋ ቆሞ ገበታውን ጎንበስ ብሎ አየና፣ "እመቤት፣ ክብ አድርጊ ተባልሽ እንጂ ጭራ ትከይ ተባልሽ? ጥይት ነው ወይስ አይጥ?" አላት።

"አይጥም ጥርስ አለው፣ ሻለቃ።"

ሴቶቹ ሳቁ። ሻለቃ ጢሙን እየነካካ አለፈ፤ ዳግመኛም ስለ ጭራው አላነሣባትም። ሌላዋ ብታደርገው ኖሮ ገበታውን መልሶ ያስጠርጋት ነበር። ቀቢዋ ይህን በደግነቱ ወሰደችው።

ማሽኑ ዝም ባለበት ጠዋት ገበታ አልመጣላቸውም። ቀለሙን በጥብጠው፣ ብሩሾቻቸውን አሰናድተው ባዶ ጠረጴዛ ታቅፈው ተቀመጡ። ከጎኗ ያለችው ሬዲዮ ናት። ቅጽል ስሟን ያወጣላት ሰው ብዙ አልተጨነቀም፤ ሴትዮዋ መዝጊያ የላትም።

"ማታ ዜና ሰማሽ?" አለች ሬዲዮ። "በየግንባሩ ጥይት አልቋል ነው የሚሉት። ቆጥባችሁ ተኩሱ ተብለዋል። እንዲህ ከቀጠለ አንዷን ጥይት ለሁለት ተካፈሉ ሳይሏቸው አይቀሩም።"

"የኔ ልጅ ይደርሰዋል" አለች ቀቢዋ። "በየሳምንቱ ሳጥን ይከፍታሉ።"

ሬዲዮ አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችውና የብሩሿን ጠጉር በጣቷ ታስተካክል ጀመር።

ወዲያው ሻለቃ በሩ ላይ ብቅ ብሎ ሁሉም ወደ ግቢ እንዲወጣ ነገራቸው። ድምፁ ውስጥ ትእዛዝ አልነበረም፤ ለቀብር የሚጠራ ሰው ድምፅ ነበር።

ግቢው ውስጥ የሌሊቱም የቀኑም ፈረቃ ተቀላቅሎ ቆሟል። ባሏን ከጠጋኞቹ መሀል አየችው፤ እጁ እስከ ክርኑ በግራሶ ጠቁሮ መሬት መሬት ያያል። ሥራ አስኪያጁ የመጋዘኑ ደረጃ ላይ ወጣ። ዓይኑ ደም የመሰለ፣ ሸሚዙ የትናንት የሆነ ሰው ነበር። ብዙ አላወራም። ፋብሪካው ከዛሬ ጀምሮ ይዘጋል አለ፤ ማሽኖቹ ይታሸጋሉ፣ የተረፈው ናስ ተጭኖ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል።

ከዚያ የጥይት ሳጥን ከሚያሽጉት አንዱ፣ ቀውላላው የሚሉት ረጅም ሰውዬ፣ ራሱ ከሁሉ በላይ እየታየ ተናገረ።

"ጌታዬ፣ እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፣ እስቲ ያስረዱኝ። አገሩ ሁሉ ጥይት ጠፋ እያለ ይጮኻል። እኛ ጥይት ሠሪዎች ነን። ዳቦ በጠፋበት ቀን ነው እንዴ ዳቦ ቤት የሚዘጋው?"

"ጥይት ጠፋ መባሉ እውነት ነው" አለ ሥራ አስኪያጁ። "የጠፋው ግን የእኛ ዓይነት አይደለም። ግንባር ያለው ሠራዊት ጠመንጃ ከለወጠ ሁለት ዓመት አለፈው። አዲሱ ጠመንጃ የሚጎርሰው ቀጭን ጥይት ነው። የእኛ ወፍራም ነው፣ አይገባለትም። ማሽኑን ለውጡልን ብለን ጠየቅን፤ ማሽኑ እስኪመጣ ጦርነቱ ያልቃል ተባልን።"

ያን ጊዜ የሆነውን ነገር ቀቢዋ እስከ ዕድሜዋ ማብቂያ የምትረሳው አይመስልም። ሥራቸው የተዘጋባቸው፣ ልጆቻቸውን በምን እንደሚያበሉ ያላወቁ ያ ሁሉ ሰዎች፣ ወደ ሥራ አስኪያጁ ማየታቸውን ትተው ወደ እሷ ዞሩ። ሬዲዮ ዞረች፣ ሻለቃ ዞረ፣ ቀውላላው ዞረ። ዓይኗ ከዓይናቸው ሲገጥም ደግሞ ሁሉም እንደ ተነጋገረ ሰው ፊቱን ወደ ሌላ መለሰ። ባሏ ብቻ ከመጀመሪያውም ቀና አላለም።

"የእኛስ?" አለች። ድምፅዋ ትንሽ ነበር፣ ግን ማሽን ስላልነበረ ተሰማ። "የእኛ የት ሲሄድ ከረመ?"

ሥራ አስኪያጁ ማን እንደሆነች አያውቅም፤ ከዚያ ሁሉ ሰው የማያውቃት እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። "ለዘበኞች ይሄዳል፣ ለማሠልጠኛ ይሄዳል። የሚበዛው መጋዘን ውስጥ ነው።"

"ወደ ግንባር አንድም ሳጥን አልሄደም?"

"ምን ሊያደርግለት፣ እናቴ?" አለ ሰውዬው በለሆሳስ።

ወደ ክፍሉ ተመለሰችና ብሩሿን አጠበች። ቀለም አልነካም ነበር፣ ቢሆንም አጠበችው፤ ጠጉሩን አሹላ አስተካክላ ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው። ሬዲዮ ከኋላዋ መጥታ ቆመች።

"ልነግርሽ ስል ቃል እየጠፋብኝ ነው" አለች።

"አንቺን? ቃል?"

"ምሳሽን ስትበይ አየሁሽ። ያንን ሁሉ ጊዜ ስትደርቂ ከርመሽ፣ ልጅሽ በደወለ ማግስት፣ ሰኞ፣ ቁጭ ብለሽ በላሽ። ከዚያ በኋላ በየት አፌ?"

ቀቢዋ የሬዲዮን ትከሻ በእጇ ነካ አደረገቻትና ወጣች። አልተቀየመቻትም። ዓለሙን ሁሉ ስትበትን የኖረች ሴት ይቺን አንዷን ብቻ ስለ እሷ ብላ ዋጠቻት፤ በምን ትቀየማት?

መንገዱ ላይ ሰው ሁሉ ይጮኻል። ተጣልተው አይደለም። ማሽኑን ለማሸነፍ ጮኾ ማውራት የለመደ ሰፈር ነውና ዝምታው ሲመጣ ድምፁን መቀነስ አልቻለም። አንዲት ሴት በመስኮት ሆና ለልጇ ሳሙና ግዛ ስትል ቃሏ እስከ መንገዱ ጫፍ ተሰማ፤ ራሷ ደንግጣ አፏን ያዘች። የቧንቧ ጠብታ ይሰማል። የራሷ ጫማ ይሰማል። እዚህ መንገድ ላይ ስትመላለስ የኖረችው ጫማዋ እንዲህ እንደሚንሿከክ እስከ ዛሬ አላወቀችም ነበር።

ባሏ ቀድሟት ገብቶ ሳፋው ላይ እጁን በሳሙና ያሻል። ግራሶው ለቆ ካለቀ በኋላም ያሻል።

"የማሽኑን ልክ የምታወጣው አንተ ነህ" አለች ቆማ። እሷም ጮኻ ነበር፤ ድምፅዋን ሰማችና ዝቅ አደረገችው። "ወፍራም ይሁን ቀጭን ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም።"

"የለም።"

"ልጁ ሲሄድ ምን ጠመንጃ እንደሚሰጡት ታውቅ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

"ስለ ጭራው ማን ነገረው? እኔ ነግሬው አላውቅም። እንዲህ እንደምቀባ ልጄ አይቶ አያውቅም።"

ውሃውን ደፋ። ፎጣ ፈልጎ ሲያጣ እጁን በሱሪው አበሰ። "እኔ ነኝ" አለ። "ልትሞችብኝ ነበር። አንድ ነገር በላት አልኩት። ምን ልበላት አለኝ። ይኼንን ነገርኩት።"

"እሱስ ምን አለ?"

"ሳቀ። እማዬ ታምነኛለች? አለኝ። ከዚያ ቆይቶ፣ እውነት ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር አለ።"

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ስለ ውሸቱ ልታስብ ሞከረች፣ አልሆነላትም። ውሸቱ አልነበረም የሚያንቃት። እስከ ዛሬ ጠዋት ልጇ እጅ ላይ ሳጥን ሙሉ ነገር ነበር፤ አሁን ባዶ ነው።

"አሁን በጁ ምን አለው?" አለች።

ባሏ እጁን እንደገና በሱሪው አበሰ።

"ጠይቀኸው አታውቅም?"

"ጠይቄዋለሁ።"

"እሺ፣ ምን አለህ?"

ሰውዬው ግድግዳውን ተደገፈ። የማሽን ጥርስ ሲሰበር በጆሮው ብቻ የሚለይ፣ ለሁሉ ነገር መላ የማያጣ ሰው ነበር። "ለእማዬ እንዳትነግራት አለኝ" አለ።

ሌላ አልጠየቀችም። ሻይ አፈላች፤ ሁለቱም አልጠጡትም። ቀኑ በዚያ ዝምታ ውስጥ እየተጎተተ ሄደ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስልኩ ጮኸ። ባሏ እጁን ሊዘረጋ ሲል እሷ ቀደመችው።

"እማዬ" አለ ልጁ። ከበስተጀርባው ንፋስ አለ፣ የሰው ሳል አለ። "ኔትወርክ ልፈልግ ኮረብታ ላይ ወጥቼ ነው። እንዴት ነሽ?"

"ደህና ነኝ፣ የኔ ጌታ። አንተስ?"

"እኔማ ወፍሬ መጣሁ ብልሽ አታምኚም። ሥራ እንዴት ነው?"

ባሏን አየችው። "ሥራ ጥሩ ነው" አለች። "ማሽኑ ቀን ከሌት ይረግጣል። ወገባችን ተቆረጠ።"

"አይዞሽ። ትናንትም ሳጥን መጥቶልን ነበር። ያንቺዋን አገኘኋት፣ ያቺን ባለ ጭራ።"

"አገኘሃት?"

"እንዴታ። ኪሴ ውስጥ አድርጌያታለሁ።"

ነፃ እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገችው፣ ጣቶቿ ግን ብሩሽ እንደያዙ ሁሉ ወደ ግራ ይዞሩ ነበር። "እዚያ ዝናብ አለ?" አለችው።

"ዛሬ የጉድ ነው የዘነበው።"

"እንዳይረጥብብህ።"

"ምኑ?"

"ጥይቱ ነዋ።"

"ቀለም አለው አይደል እንዴ፣ እማዬ?" አለ ልጁ እየሳቀ። "ያንቺ እጅ ነክቶት እንዴት ይረጥባል?"

"ልክ ነህ" አለች። "አይረጥብም። ባይሆን አንተ ራስህን ተሸፈን። አባትህን እንካ።"

ስልኩን ለባሏ ሰጠችው። እሱም ተቀብሎ፣ "ጎበዝ፣ ልጄ፣ እንዴት ሰነበትክ" እያለ የለመደውን ወሬ ጀመረ። እሷ ከመስቀያው ላይ ሹራቧን አወረደች። ቱታውን አላወለቀችም ነበር፤ ሹራቡን ከላይ ደረበችበት፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈች። ጫማዋን አጎንብሳ በደንብ አሰረች፣ ሩቅ መንገድ እንዳለበት ሰው። ባሏ በዓይኑ "ወዴት ነው?" አላት። በሩን ከፍታ ወጣች፣ መልሳም ገርበብ አደረገችው።

ሰውዬው ስልኩን ከጆሮው ሳያነሣ ወደ መስኮቱ ሄደ። በፋብሪካው በር በኩል አለፈች፤ ዘበኛው ሰላምታ ሰጣት፣ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ሳትቆም ቀጠለች። ዘመዶቿ ወዳሉበት የሚታጠፈውንም መንገድ አልፋ ወደ ግንባር ወደሚወስደው ትልቁ ጎዳና ሄደች። ጎዳናው ጋ ስትደርስ የአንድ ጭነት መኪና አቧራ ተነሣ፣ አቧራው ሲበተንም አልነበረችም።

"አባዬ" ይላል ስልኩ ውስጥ ያለው ድምፅ። "እማዬን አንድ ጊዜ መልሳት፣ የረሳሁት ነገር አለ።"

"ወጣ ብላለች" አለ አባትየው።

"ወዴት?"

አባትየው ወደ ባዶው መንገድ አየ።