አየር የምትባለው ማሳ

ከደባርቅ በስተምሥራቅ፣ ተራራው ትንፋሹን ለመሰብሰብ ቆም ያለ በሚመስልበት ቦታ፣ አየር የምትባል አንዲት ማሳ አለች። ስሟን ማን እንዳወጣላት የሚያውቅ የለም፤ ለምን እንደወጣላት ግን እዚያ የደረሰ ሁሉ ያውቀዋል። ነፋሱ ኮፍያ አያስጠልቅም፣ ጋቢ አያስደርብም። በሌላው ማሳ ገብስ የሚያዘራ ሰው ነፋስ ሲጠብቅ ይውላል፤ አየር ላይ ግን ነፋሱ ነው ሰውን የሚጠብቀው።

ማሳዋ የቢራራ ናት፤ ከአባቱ የደረሰችው። የታወቀችው ግን በሚስቱ በሐመልማል ገብስ ነው። ሐመልማል ከበየዳ በሙሽርነት ስትመጣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችው ገብስ ሰነፍ ቆሎ ይባላል። ገለባው በራሱ ስለሚለቅ መፈተግ አያስፈልገውም፤ ከአውድማ ወደ ምጣድ፣ ከምጣድ ወደ አፍ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከዚሁ ነው። ቢራራ በሠርጋቸው ሰሞን፣ ሰነፍ ሴት ሰነፍ እህል ይዛ መጣች ብሎ ቀለደባት። እሷም ትኩሱን ቆሎ እያዘገነችው፣ ለሰነፍ ባል ነዋ ያመጣሁት አለችው። ከዚያ ወዲህ ልጆች ተወልደው፣ አድገው፣ ወደየከተማው ተበትነዋል፤ ያ ቀልድ ግን በየዓመቱ ከአዲሱ ቆሎ ጋር እየተመለሰ ይመጣል፤ በየዓመቱም ሁለቱም እንደ አዲስ ይስቁበታል።

ከሠርጋቸው የጎደለ አንድ ነገር ነበር። መልስ አልሄዱም። ሙሽሮች ከሠርጉ በኋላ ወደ ሴቲቱ ወላጆች ቤት ተመልሰው የሚጋበዙበት ያ ድግስ፣ በዚያን ዓመት ጦርነት መንገዱን ስለዘጋው ቀረ። ለከርሞ ተባለ፤ ለከርሞ ልጅ ተወለደ። እንዲህ እንዲህ እያለ አባቷም አረፉ። ሐመልማል ለለቅሶ በየዳ ሄዳለች፤ ለደስታ ግን አብረው ሄደው አያውቁም።

የገብሱ ነገር መበላሸት የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ውርጩ ሳሳ። በጥቅምት ማለዳ የአየር ሣር እንደ ጨው ነጥቶ፣ ሲረገጥ ይንኮሻኮሽ የነበረው እየቀረ መጣ፤ ውርጭ የሚወድ ገበሬ ስለሌለ ሰው ሁሉ ደስ አለው። ከዚያ ዝናቡ መዘግየት ጀመረ፤ ሲመጣም ተቆጥቶ እንደመጣ እንግዳ ነው፣ ደፍቶት ይሄዳል። ሙቀቱ ሲበረታ ክሽክሽ የሚሉት ጥቃቅን ተባይ ቅጠሉን እየመጠጠ አጠወለገው፤ ካቻምና ዛላው ሳይሞላ ደረቀ፣ አምና ከዚያም ባሰ። በመጨረሻ የመጣው ነቀዝ ነው። ቢራራ በዕድሜው ሁሉ ነቀዝን የሚያውቀው ቆላ ያሉት የዛሪማ ሰዎች መከራ አድርጎ ነበር፤ የሊማሊሞን ገደል ወጥቶ ወደ ብርድ አገር ይመጣል ብሎ አላሰበም። አንድ ቀን ጎታው ውስጥ እጁን ሲሰድ ገብሱ በጣቶቹ መካከል እንደ ዱቄት ፈሰሰ።

ይህን ለሐመልማል አልነገራትም። ከተረፈው ጥቂት ደህናውን ለይቶ በስልቻ ቋጠረና ከማረሻው ጀርባ ሰቀለው። ጉልበቱ እያመመው ገደሉን እየወጣ አየርን ማረሱንም አልተወም። ጎረቤቱ ቻላቸው ከአየር በታች ባለው ማሳው ጤፍ ዘርቶ ሲያፍስ፣ በብርዱ ምክንያት የቻላቸው አባት እንኳን ሊዘሩት ሊያስቡት ያልደፈሩትን ጤፍ፣ ቢራራ አላየሁም ብሎ አለፈ። አንድ ማታ እራት ላይ ሐመልማል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ዘንድሮ አየር ላይ ስንዴ ብንሞክርስ አለችው።  ቢራራ በገብሷ ተስፋ ቆርጣ ነው፣ ልቧ ተሰብሮ ነው ብሎ አሰበ፤ እናም እናያለን አላት። 

በዚህ መካከል ነው ቻላቸው አህያውን እየነዳ በደጁ ያለፈው።

«ለሚካኤል ስብሰባ አለ» አለው ሳይቆም። «ከወረዳ ሰው ይመጣል። ስለ አየር ንብረት ለውጥ ነው አሉ።»

«ስለ አየር?»

«ስለ አየር።»

«ንብረት?»

«ንብረት ነው ያሉት። ለውጥም አለበት» አለና አህያው ወደ ሰው ጎመን ስለዞረችበት እየተሳደበ ተከተላት።

ቢራራ ደጁ ላይ ቆሞ ቀረ። ይህ ቃል በራዲዮ ሲያልፍ ሰምቶት ይሆናል፤ በራዲዮ የሚያልፍ ቃል ግን ያልፋል እንጂ ሰው ማሳ ላይ አያርፍም። ይሄ አየርን በስሟ ጠርቶ ነው የመጣው። በሽግሽጉ ዘመን መሬት በገመድ እየተለካ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲዞር አይቷል፤ ያኔ አየር የተረፈችው ዳገቷን የሚመኝ ስላልነበረ ነው። አሁን ገብሱ እንደጠፋ አንድ ሰው ወሬ አድርሷል። ቢራራ መሬቱን ጦም አሳድሯልና በሌላ ይለወጥ ተብሏል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ለሐመልማል ይህንንም አልነገራትም። በማግስቱ አየር ላይ ወጥቶ የድንበሩን ድንጋዮች አስተካከለ፤ የወደቀውን አነሣ፣ የተቀበረውን ቆፍሮ አወጣ። ሲወርድ ምን ሲሠሩ ዋሉ ብላ ብትጠይቀው፣ ነፋስ ስቀበል አላት።

የሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ጥላ ሥር ተሰበሰበ፤ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በአንድ ወገን። የመጣችው የግብርና ባለሙያ ሃና ትባላለች፤ የዳባት ልጅ ናት፣ ለሽማግሌ እንዴት እንደሚነገር ታውቃለች። በሩቅ አገር ፋብሪካውና መኪናው ስንት ዘመን ከሰልና ነዳጅ ሲያነድ እንደኖረ፣ ጭሱ ሽቅብ ወጥቶ እዚያው እንደቀረ፣ ምድርም በጠራራ ፀሐይ ጋቢ እንደደረበ ሰው መሞቋን ነገረቻቸው። ጭሱን የሚቀንሰውን ደንም ሰው፣ እኛም ጭምር፣ እየመነጠርን ነው አለች። ሰው ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል። ቢራራ ግን ከዚህ ሁሉ አንድ ቃል ነበር የሚጠብቀው።

«የአየር ንብረት ለውጥ» አለች ሃና፣ «እናንተ ደጅም ደርሷል።»

ቢራራ በምርኩዙ ተደግፎ ተነሣ።

«ልጄ፣ አየርን አትንኩብኝ» አለ። «ለውጥ የግድ ነው ካላችሁ የወንዝ ዳሯን ማሳ ውሰዱ። ጥቁር አፈር ናት፣ ውሃ ትጠጣለች። አየርን ግን ተዉልኝ፤ አየር የሚስቴ ናት።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌሎችም ሊከተሉ ሲሉ ሃና እጇን አነሣች። ቢራራ አላያቸውም፤ የጀመረውን መጨረስ ነበረበት።

«ገብሱ ጠፋ ብሎ የነገራችሁ ሰው አልዋሸም። ጥፋቱ ግን የማሳዋ አይደለም። እኔ ነኝ ያላወቅሁበት። ያን ገብስ ከእናቷ ቤት በነጠላዋ ቋጥራ አምጥታው፣ እኔ እጅ ላይ አለቀ። ጎታው ነቅዟል። እስከ ዛሬ አልነገርኋትም። ይኸው እዚያ ተቀምጣለች፤ አሁን ሰማች።»

ሳቁ ቆመ። ቻላቸው ነገሩ ገብቶት ኖሮ በነጠላው አፉን ይዞ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ሃና አልሳቀችም፤ አየር የት ናት ብላ ጠየቀች። ከአንድ ወገን አሥር እጅ ወደ ተራራው ተዘረጋ። ማሳዋን አየች፤ ከዚያ ወደ ቢራራ ቀረብ ብላ፣ የአየር ንብረት ማለት የማሳው ንብረት አለመሆኑን፣ የሰማዩ ጠባይ፣ የብርዱና የዝናቡ ነገር መሆኑን አስረዳችው።

«አየርን የሚወስድብዎ የለም፣ አባቴ» አለችው። «ብርዷን ነው የወሰዱባት።»

«ማን ነው የወሰደው?»

«ሩቅ ያለ ሰው። ደባርቅን በስም እንኳ የማያውቅ።»

«ይመልሳል?»

 «በእርስዎም በእኔም ዕድሜ አይመስለኝም» አለች። ከዚያ ይህ ገብስ ብርድ ወዳድ መሆኑን፣ ብርዱ ወደ ላይ ሲሸሽ ገብሱም እንደሚከተለው፣ ጥፋቱ የአራሹ እንዳልሆነ ነገረችው። ዘሩ ጨርሶ ካላለቀ ገና ወደሚበርድ ቦታ ቢሄድ ይተርፋል፤ ከዚህ በበለጠ በሚበርድ አገር ዘመድ ያለው ሰው አለ ወይ ብላ ሰዉን ጠየቀች።

ከሴቶቹ ወገን፣ «በየዳ» የሚል ድምፅ መጣ። ሐመልማል ነበረች። ከዚያ በፊት በስብሰባ ላይ ስትናገር የሰማት ሰው የለም፤ ያቺን ቃል ተናግራም ነጠላዋን አጣፋች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ቢራራ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ነበሩ። ጀርባው ላይ ዓይኗ ይሰማዋል። ወንዙን ከተሻገሩ በኋላ ተናገረች።

«አንቱ ሰው፣ የወንዝ ዳሯን ሊሰጧት ነበር?»

«ነበር።»

«ሽንኩርቴ ያለባትን?»

ቢራራ ቆመ። ሽንኩርቱን ረስቶት ነበር። ዞር ሲል ሐመልማል እየሳቀች ነው፤ እየሳቀችም ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ጎታውን የምጠርገው እኔ አይደለሁም ወይ፣ ነቀዙንስ ካንቱ በፊት ያየሁት እኔ አይደለሁም ወይ አለችው። ከማረሻው ጀርባ የተሰቀለውንም ስልቻ አይታዋለች፤ አይታም አላየሁም ብላለች። ስንዴ ይዘራ ያለችው በገብሱ ተስፋ ቆርጣ ሳይሆን፣ በዚያ ጉልበት ያን ዳገት ሲወጣ ማየት ስለሰለቻት ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ገብሱን የሚወዱ መስሎኝ ነዋ።»

«እኔ?» አለ ቢራራ። «እኔ ጥርስ አለኝ ለቆሎ?»

ያን ስልቻ በዚያው ሰሞን ሰፌድ ላይ ዘረገፉት። ሐመልማል የተበሳውን፣ የጠቆረውን፣ የከሳውን አንድ በአንድ እየለቀመች አወጣች፤ ቢራራ ዓይኑ ባያይለትም አጠገቧ ተቀምጦ የወደቀውን ይሰበስብ ነበር። የቀረው ድሮ በሙሽርነቷ ካመጣችው ብዙም የበለጠ አልነበረም። እንደዚያን ጊዜው በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። አየር ስንዴ እንዲዘራባት፣ ምርቱን በእኩል ሊካፈሉ ለቻላቸው ተሰጠች፤ ቻላቸውም ለዚህ ውለታ ቢራራን በየመንገዱ የአየር ባለንብረት እያለ መጥራት ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ በሌላ ስም የሚጠራው ጠፋ።

በግንቦት ከደባርቅ በአውቶቡስ ተነሡ። መኪናው የቧሂትን ተራራ ሲወጣ ሐመልማል ቋጠሮውን በሁለት እጇ ይዛ በመስኮት ታያለች፤ የእያንዳንዱን ኮረብታ ስም እየጠራች፣ ይኼኛው እንዲህ ነበረ፣ ያኛው ደን ነበረ ትላለች። ቢራራ የሚያውቃት ሴት በየመታጠፊያው ዕድሜዋ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ሙሽራ ሆናበት ተቀመጠች።

ወንድሟ ሃብተ ጊዮርጊስ አውቶቡሱ የሚቆምበት ድረስ ወጥቶ ጠበቃቸው። ረጅም፣ ደረቅ ሰው ነው፤ እህቱን ስሞ ሲያበቃ አማቹን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«መልስ ነው?»

«መልስ ነው» አለ ቢራራ። «ዘግየት አልን መሰለኝ።»

«ጥቂት። በጉ አርጅቶ ሞቷል፤ የልጁን ልጅ እናርድላችኋለን።»

«ሙሽራዋን መልሼ እወስዳለሁ» አለ ቢራራ። «ዘሩን ነው የምተውልህ።»

ሃብተ ጊዮርጊስ ቋጠሮውን ፈትቶ አየ። እነሱ ዘንድ ሰነፍ ቆሎ ከቀረ ቆይቷል፤ ሰዉ ምርቱ ከፍ ያለ ሌላ ገብስ መዝራት ጀምሮ፣ የእናቱ ዘር አንድ ቁና እንኳ የተረፈ አልመሰለውም ነበር። አንዲት ፍሬ አፉ ከቶ ሰበራት፤ ሲያኝክ ፊቱ ተለወጠ።

ማሳው ከቤቱ በላይ ነበር። እዚህም እንደ ድሮው አይደለም ብሎ እውነቱን ነገራቸው፤ ውርጩ በአንዳንድ ዓመት ይቀራል፣ እሱም የሚያርሰውን ከአባቱ ማሳ ከፍ ከፍ እያደረገ ነው። ከዚህ ማሳ በላይ ደግሞ ድንጋይ ብቻ ነው። እሱ በሕይወት እስካለ ግን ይዘራል። ያ ዕድሜ ለዘሩ ይበቃል ወይ ብሎ ማንም አልጠየቀም።

ሃብተ ጊዮርጊስ በጥማዱ አርሶ ሲያበቃ ቋጠሮውን ለሐመልማል መለሰላት፤ ያመጣሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺው በትኚው አላት። ጫማዋን አውልቃ ወደ እርሻው ገባች። የመጀመሪያውን ጭብጥ ስትበትን ከራስ ደጀን ወገን የሚመጣው ነፋስ ነጠላዋን ወስዶ ትከሻዋ ላይ ጠመጠመው።

ቢራራ ድንበሩ ላይ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ብርዱ ከጉልበቱ ጀምሮ እስከ ወገቡ ገባ፤ ጥርሱ፣ የቀረው ጥርሱ፣ መንገጫገጭ ጀመረ። ሐመልማል ትልሙ ጫፍ ላይ ደርሳ ስትመለስ አየችው። መጥታ ማሳው ዳር ያስቀመጠችውን የራሷን ጋቢ አለበሰችው።

«ይኸው የጠፋብዎ ብርድ» አለችው። «እዚህ ተሸሽጎ ነበር።»

 ቢራራ እጁን ዘረጋላት። እሷም ከቋጠሮው አንድ ጭብጥ አዘገነችው፤ ሊበላው መስሏት ነበር። እሱ ግን ምርኩዙን ተደግፎ ተነሣና፣ ጉልበቱን እየጎተተ፣ ከጎኗ ሊዘራ ወደ ትልሙ ገባ።