ፍሪጅ ውስጥ የገባው ኮምፒውተር

ሰፈሩ ሁሉ «ውርጩ» ይለዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፍሪጅ ሲጠግን አንድም ፍሪጅ አሸንፎት አያውቅም። ሌላው ጠጋኝ «ይሄ ሞቷል» ብሎ የመለሰውን እሱ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጠዋል፣ ጎኑን መታ መታ ያደርገዋል፤ በማግስቱ በረዶ ሠርቶ ይገኛል። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ የጫማ ካርቶን በምታክል ኮምፒውተር የተዋረደው።

ነገሩ የመጣው ከፍቅር ነው። ሚስቱ ተርጓሚ ነች፤ ውል፣ የሐኪም ደብዳቤ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት ሲመጣላት እቤቷ ቁጭ ብላ ትተረጉማለች። የምትሠራበት ክፍል ጠባብ ነው። አሮጌው ኮምፒውተሯ ደግሞ ጠረጴዛው ሥር እንደ ጎረምሳ ተንሰራፍቶ እግር ማስቀመጫ አሳጥቷታል። ውርጩ አንጀቱ አልቻለም። አንድ ቀን ብድግ ብሎ ሄደና ባዶውን የሚሸጥ ትንሽ የኮምፒውተር ሳጥን ገዝቶ መጣ። ሳጥኑ፣ ዋናው ሰሌዳና ኃይል ሰጪው ብቻ ነው ያለው፤ ፕሮሰሰሩን፣ ሚሞሪውንና ዲስኩን ገዢው ራሱ መርጦ ይገጥማል።

«ባዶ ቤት በይው» አላት ሚስቱን፣ ብሎን እያጠበቀ። «ተከራዮቹን እኛ እናስገባለን።»

በአንድ ከሰዓት ገጣጥሞ ጨረሰው። ሲበራ ድምፁ እንኳ አይሰማም። ሚስቱ እግሯን ጠረጴዛው ሥር ዘርግታ እንደ ልጅ ሳቀች። አብረዋቸው የሚኖሩት አማቱ በር ላይ ቆመው ሳጥኑን አዩና፣ «ኮምፒውተሩ ነው ወይስ ልጁ?» አሉ።

ደስታው ሃያ ደቂቃ ቆየ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ሳይሰናበት ድርግም አለ። የተጻፈው ግማሽ ገጽም አብሮት ሄደ። ውርጩ ሳጥኑን ነካ አድርጎ እጁን ቶሎ ሰበሰበ፤ እንደ ካውያ ይፋጃል።

«ሞቆት ነው» አለ፣ ፊቱ እየበራ። ሌላ በሽታ ቢሆን ይጨንቀው ነበር። ሙቀት ግን የዕድሜ ልክ ጠላቱ ነው፤ ጠባዩን አብጠርጥሮ ያውቀዋል።

በማግስቱ ሳጥኑን ከግድግዳው አራቀው፤ ሁለት ደቂቃ ተጨመረ። ክዳኑን አውልቆ ውስጡን ለነፋስ ሰጠው፤ ሦስት ደቂቃ ተጨመረ። ረቡዕ ዕለት ትልቁን ማራገቢያ አምጥቶ ፊት ለፊቱ ገተረው። ኮምፒውተሩ ያን ቀን ሃያ ስምንት ደቂቃ ቆየ፤ የሚስቱ ወረቀቶች ግን ሁለት ደቂቃም ሳይቆዩ በክፍሉ ተበተኑ። የአንዱ ሰው የፍቺ ውሳኔ ከሌላው ሰው የመኪና ሽያጭ ጋር ተደባለቀ።

አማቱ ከአልጋ ሥር ገጽ አሥራ አንድን እየለቀሙ፣ «ልጄ፣ ለዚህ ነገር እንዲያው ሐኪም ብንጠራለትስ?» አሉ።

«እማማ፣ ሐኪሙ እኮ እኔ ነኝ!»

«እሱማ ነህ። ሌላ ሐኪም ማለቴ ነው።»

ይህቺ ቃል ውርጩን አጥንቱ ድረስ ዘለቀችው።

ሐሙስ ጠዋት ነገር ተባባሰ። አንድ ጠበቃ ደውሎ፣ ቀደም ብሎ የሰጣት አርባ ገጽ ውል ለስምንት ሰዓቱ ችሎት መድረስ አለበት አለ። ሚስቱ ከውሉ ገና ሰባት ገጽ ሠርታለች፤ ሰባተኛውንም ሦስት ጊዜ ጽፋዋለች።

«አሮጌውን መልስልኝ» አለችው፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። ሳትቆጣ ስትናገር ነው የሚፈራት። አሮጌውን ደግሞ ለአሮጌ ዕቃ ገዢ ሸጦታል።

«አንድ ሰዓት ስጪኝ» አለና ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል፣ ወደ ጥገና ቤቱ ሮጠ። እዚያ ትናንት ጠግኖት ባለቤቱን የሚጠብቅ ትልቅ ነጭ ፍሪጅ ነበር። ውርጩ መደርደሪያዎቹን አወጣ፤ ኮምፒውተሩን መሐል ላይ አስቀመጠ፤ ገመዶቹን በበሩ ጎማ አሹልኮ ክፍተቱን በፕላስተር ደፈነ። እርጥበት እንዳይነካውም ደረቅ ጨው በጨርቅ ቋጥሮ አጠገቡ አኖረ። ስክሪኑ ፍሪጁ አናት ላይ ወጣ። ኪቦርዱ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ።

ሚስቱ አየችው፤ ፍሪጁን አየችው፤ ሰዓቷን አየች። ከዚያ ቆማ መጻፍ ጀመረች።

ኮምፒውተሩ በየመሐሉ ማረፉ አልቀረም፤ ግን አንዴ ከተነሳ አርባ ደቂቃ ያህል ይሠራል። ውርጩ ወደ አማቱ እያየ ደረቱን ነፋ። ስድስት ሰዓት ላይ ጠበቃው ራሱ ከች አለ። ሴትዮዋ ፍሪጅ ፊት ቆማ አንገቷን ሰቅላ ስትጽፍ ሲያይ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቀፈ።

«ውሉስ... የት ደረሰ?»

«ፍሪጅ ውስጥ ነው» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

«እንዳይበላሽ ነው» ብለው አስረዱት አማቱ።

ጠበቃው ገና እንደተቀመጠ ስክሪኑ ጨለመ። ውርጩ የፍሪጁን በር ከፍቶ እጁን ሰደደ። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ፍሪጁ እንደ ሙሽራ ተውቦ ይሠራል። ሳጥኑ ግን ይፋጃል። ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦ ይፋጃል! የውርጩ ቆሌ ተገፈፈ። አንድ የለስላሳ ሳጥን ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጀርባው ላይ የወጣ መሰለው።

«ጠፋ ማለት ነው?» አለ ጠበቃው።

«በየአምስት ደቂቃው አስቀምጬዋለሁ፤ ሠላሳ አራቱ ገጽ አለ» አለች ሚስቱ። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «አብሮት የመጣ ወረቀት የለም?»

«ካርቶኑ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። በባዕድ ቋንቋ ስለሆነ አላየሁትም።»

ሚስቱ ካርቶኑን አስመጥታ ቀጭኗን መጽሐፍ አወጣች፤ መነጽሯን አድርጋ እንደ ፍርድ ቤት ወረቀት ጮክ ብላ አነበበች፦

«ተራ ቁጥር አራት። ሙቀት የሚያወጣውን ብረት ፕሮሰሰሩ ላይ ከማሳረፍዎ በፊት፣ ከሥሩ የተለጠፈውን ስስ ላስቲክ መላጥዎን ያረጋግጡ።»

መጽሐፏን ዝቅ አደረገች። «ልጠኸዋል?»

«የምን ላስቲክ?» አለ ውርጩ።

«የእምነት ቃል ሰጠ» አለ ጠበቃው።

ውርጩ ኮምፒውተሩን ከፍሪጁ አውጥቶ አራት ብሎን ፈታ። ብረቱን ሲገለብጠው ስሷ ላስቲክ እንደተለጠፈች ናት፤ ጠርዟ በሙቀት ተጨማዷል። ሥሯ የተቀባው፣ ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ብረቱ ማሻገር የነበረበት ቅባት ያለ ሥራ ተኝቷል። ላስቲኳ ላይ ደቃቅ ቀይ ጽሑፍ አለ።

«ምን ይላል?» ብሎ ለሚስቱ ዘረጋላት፣ ሐሞቱ በፈሰሰ ድምፅ።

«‹ላጡኝ› ይላል።»

ልጦ መልሶ ገጠመ። ጠበቃው «በሉ ቶሎ አብሩት!» ቢልም ውርጩ እጁን ዘርግቶ አገደው። መጽሐፉ እስኪነበብ ፍሪጁ ውስጥ ጠፍቶ የቆየው ሳጥን በርዷል፤ ከቅዝቃዜ ወደ ሞቃት ክፍል የወጣ ዕቃ ደግሞ ያልበዋል፤ ላቡ ሳይደርቅ ከበራ ይቃጠላል። እዚህ ላይ ሙያው ሙያ ነው፤ የጠበቃ ጩኸት አያስቸኩለውም። ሩብ ሰዓት አስጠበቃቸው።

ቀሪው ስድስት ገጽ በመደበኛው ጠረጴዛዋ ላይ ተጻፈ፤ ኮምፒውተሩ አንዴም ድርግም አላለም። ውርጩ በየደቂቃው መዳፉን ሳጥኑ ላይ እያሳረፈ ትኩሳት እንደሚለካ እናት ሲንገበገብ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ጠበቃው ውሉን ታቅፎ ወጣ።

ሚስቱ ያን ጊዜ ነው ሳቋን የለቀቀችው። እንባዋ እስኪፈስ፣ ጠረጴዛዋን ተደግፋ።

«ለምን ቀድመሽ አላነበብሽልኝም?» አለ፣ ከንፈሩን ጥሎ።

«መቼ ሰጠኸኝ? የእኔ ሥራ እኮ ሲያመጡልኝ ነው።»

ከአንድ ግድግዳ ማዶ ተርጓሚ አስቀምጦ ሃያ ሁለት ዓመት በጆሮው ሲሠራ ኖሯል። ተነስቶ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ሥር፣ ከፍሪጆች ጋር የመጡ፣ አንዴም ያልተገለጡ መጻሕፍት በሁለት እጁ ታቅፎ መጣ። አቧራቸውን ጠርጎ ጠረጴዛዋ ላይ ከመራቸው።

«ወረፋ አለ» አለች እያየቻቸው። «ከፊትህ ሁለት ፍቺና አንድ ውርስ አለ።»

«እጠብቃለሁ።»

የመጀመሪያውን በሦስተኛው ሳምንት ጨረሰችለት። ውርጩ አንብቦ ሲያበቃ ሁለት ቀን ሙሉ የድሮ የጥገና ደብተሩን እያገላበጠ ስም ሲያሰምር ዋለ። በሦስተኛው ቀን ስልኩን አነሳና ወደ አራት የድሮ ደንበኞቹ ደወለ፤ ፍሪጃቸውን እስቲ አንዴ መልሰው እንዲያመጡለት።