ፊት ያበራል

ወንጌላዊት በዚህ ዓለም ላይ ከድሮን በላይ የምትጠላው ነገር አልነበረም። ቀልድ አይምሰላችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሙሽሮች ለፎቶ ወደ ሀዋሳ ሐይቅ ሲወርዱና ያ ነገር ዝዝዝ እያለ ሲነሣ፣ አሞራ ገደል ዓሳ ገበያ ተቀምጣ ዓሳ የምትገፍፈው ይህች ሴትዮ ቢላዋዋን እንደያዘች ብድግ ትላለች። «አንሡልኝ ይህን ጥንዚዛ! ሰማዩንም ተከራያችሁት እንዴ?» ፎቶ የሚያነሡት ልጆች ሁሉ ያውቋታል። በተለይ ሰኢድ ያውቃታል። ሰኢድ ከወሎ መጥቶ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የሚማር፣ ቅዳሜን በሠርግ ቀረጻ የሚተዳደር ልጅ ነው። እሷን ሲያይ ድሮኑን ወደ ሌላ አቅጣጫ ማዞር ልማዱ ሆኗል።

ጥላቻዋ ያለ ነገር አይደለም። ባሏ ክብሩ ዘምቶ ተመልሷል። እጁም እግሩም ደህና ነው፤ ጎረቤት ሁሉ «ጌታ ይመስገን፣ ሙሉ ሰው መጣልሽ» ብሏታል። እሷም ሙሉ መስሏት ነበር። በኋላ የአክስቷ ልጅ ስታገባ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ ድንኳን ተጥሎ ሰው ምሳ ላይ ሳለ፣ ያ ድምፅ ከላይ መጣ። ክብሩ ሳህኑን ወርውሮ፣ እሷን በክንዷ ጎትቶ ጠረጴዛ ሥር ከተታትና በላይዋ ተኛባት። የጠረጴዛው ልብስ ከነወጡ ወረደ። ሰው ሳቀ። እሷም መጀመሪያ ስቃ ነበር፤ የልቡን ምት በጀርባዋ ላይ እስክትሰማ ድረስ። «ቀና እንዳትይ» ይላታል በጆሮዋ፤ «ቀና እንዳትይ፣ ፊት ያበራል።»

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አወራላት። ግንባር ላይ ያ ድምፅ ሲመጣ እሳት ይጠፋል፤ ሰው ቅጠል ሥር ይገባል፤ የፈለገው ቢሆን ወደ ላይ አይታይም፤ የሰው ፊት ከሰማይ ሲታይ ያበራልና። ሕዝቅያስ የሚባል ጓደኛው ግን ምን እንደሚመስል ልይ ብሎ ቀና አለ። ክብሩ እዚህ ላይ አቆመ፤ እሷም አልጠየቀችውም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? የክብሩ ልጥ በየቅዳሜው ሀዋሳ ላይ እየበረረ ይመጣል።

ያን ቅዳሜ ክብሩ እንደ ወትሮው ጎሕ ሲቀድ መረቡን ሊያነሣ በትንሿ ታንኳው ገባ። የሌሎቹ ጀልባዎች ተመለሱ፤ ዓሳው ተራገፈ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት እነዚያ ራሰ በራ አሞሮች አንጀት ለመቀማት ተሰለፉ። ክብሩ የለም። ፀሐይዋ ከፍ አለች፤ አሁንም የለም። የሞተር ጀልባ ባለቤቱ ጋሽ አምሳሉ ሄደው ፈልገው፣ የመረቡን ተንሳፋፊ ጀሪካን ብቻ ይዘው መጡ።

«ሌሊት የነፈሰው ንፋስ ሸምበቆውን ገነጣጥሎ ወዲያና ወዲህ አጥሮታል» አሉ ዓይኗን ሳያዩ። «ከጀልባ ላይ ሆነሽ ግድግዳ ነው የሚታይሽ። ጉማሬም አለ።»

«ጉማሬ ምን?»

«ምንም። አለ ማለቴ ነው።»

የዓሳው ሳጥን ላይ ዝርፍጥ አለች። በዚህ መሃል ያ ድምፅ መጣ፤ ሠርገኞች ወርደው ኖሯል። ወንጌላዊት ተነሣችና ቢላዋዋን እንደጨበጠች ቀጥ ብላ ወደ ሙሽሮቹ ሄደች። ሚዜዎቹ ሱፋቸውን ሰብስበው ተበተኑ። ሰኢድ ሪሞቱን ደረቱ ላይ አቀፈው።

«አወርደዋለሁ እትዬ ወንጌላዊት! ይኸው እያወረድኩት ነው!»

«እንዳታወርደው!» ድምፅዋ ተሰበረ። «ባሌን ፈልግልኝ።»

ሰኢድ ወደ ሙሽራዋ አየ። ሙሽራዋ ቬሏን ከፊቷ ገፍፋ «ምን ታየኛለህ? ሂድ እንጂ!» አለችው። ቆንጆ ናት፣ ልቧ ደግሞ ከመልኳ ይበልጣል።

ወንጌላዊት ከሰኢድ ትከሻ ላይ አጎንብሳ ትንሿን ስክሪን አየች። ወይ ጉድ! ተወልዳ ያደገችው እዚህ ሐይቅ ዳር ነው፤ ግን አይታው አታውቅም ማለት ነው። ውሃው አንድ መልክ ብቻ ያለው ይመስላት ነበር፤ ከላይ ግን ዳር ዳሩ አረንጓዴ፣ መሃሉ ጥቁር ሰማያዊ ነው። የታቦር ተራራ ቁልቁል ሲታይ ተቀምጦ የሚያርፍ ሽማግሌ ይመስላል። ጉማሬ በሸምበቆው ውስጥ የቀደደው መንገድ እንደ ከብት ዱካ ተጠማዝዞ ይሄዳል። ዓሳ የምትገፍፍባት የራሷ የሸራ ዳስ እንኳ እዚያ ጥግ ላይ ጥፍር ታህላለች። «ይህ ሁሉ የኛ ነው?» አለች ሳታስበው። ወዲያው በራሷ ተናደደች፤ ባል የጠፋባት ሴት አገር ታደንቃለች እንዴ?

«እዚያ ጋ!» አሉ ተከትለዋት የመጡት ጋሽ አምሳሉ።

የተገለበጠች ታንኳ። ሸምበቆው መሃል፣ ዙሪያዋ ተዘግቶ። ሆዷ ላይ ደግሞ ቀይ ሸሚዝ የለበሰ ሰው በደረቱ ተለጥፏል። ወንጌላዊት «ክብሩ!» ብላ ጮኸች፤ ሠርገኛው ሁሉ እልል አለ። ሰኢድ በደንብ ሊያሳያት ድሮኑን ዝቅ አደረገው። ያኔ ቀይ ሸሚዙ ደነገጠ። ራሱን በክንዶቹ መሃል ቀበረ፤ ከዚያ ታንኳዋን ለቀቀ፤ ውሃው ውስጥ ገባ፤ ሸምበቆውን በላዩ ጎትቶ ጠፋ። ታንኳዋ ብቻዋን ቀረች።

«ምን ነካው ይህ ሰው?» አሉ ጋሽ አምሳሉ። «መድኃኒቱ ሲመጣለት ይሸሻል?»

«መልሰው!» ወንጌላዊት የሰኢድን እጅ ያዘች። «ሊገድለው ነው፣ መልሰው!»

ሰኢድ ድሮኑን ድምፁ እስኪጠፋ ወደ ላይ ሰቀለው። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። «ገባኝ» አለ ቀስ ብሎ። «እኛም ቤት ይህ ድምፅ ሲመጣ እናቴ አልጋ ሥር ታስገባን ነበር።»

«ታዲያ አንተ እንዴት አስችሎህ ያዝከው?»

«ዓይን እኮ ነው። በማን እጅ እንዳለ ነው ነገሩ። በእኔም እጅ ይሁን ብዬ ነው።»

ወንጌላዊት ጋሽ አምሳሉ ጀልባ ላይ ወጣች፤ ጀልባው ተነሣ። ጋሽ አምሳሉ ሞተሩን አጥፍተው በመቅዘፊያ ሸምበቆው ውስጥ ገቡ፤ ሰኢድ ከላይ እያየ በስልክ «ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ የጉማሬዋን መንገድ ይዛችሁ» ይላል። ግድግዳ ከመሰለው ሸምበቆ ውስጥ መንገድ ይከፈታል። ጋሽ አምሳሉ በዚህ ውሃ ላይ ሸብተዋል፤ «ይህ ልጅ ከኔ ሐይቅ ውስጥ ሌላ ሐይቅ አወጣ» እያሉ ይገረማሉ።

ታንኳዋ ጋ ደረሱ። ክብሩ የለም። ወንጌላዊት በአማርኛ ጠራችው፤ በሲዳሙ አፎ ጠራችው። ሸምበቆው ይወዛወዛል እንጂ መልስ የለም።

«እዚህ ውሃው ከቁመት በላይ ነው» አሉ ጋሽ አምሳሉ። «ጎሕ እንደቀደደ ይሁን ረፈድ ሲል መቼ እንደተገለበጠ አናውቅም። ክንዱ ከዛለ አይቆይም፣ ልጄ።»

እዚሁ ነው፣ ትንፋሿን የሚሰማበት ቦታ ነው ያለው። ያ ድምፅ አልሄደም ብሎ ነው የማይወጣው። ለራሱ ሲልማ አይወጣም፤ ታውቀዋለች። ስልኩን አነሣች።

«ሰኢድ፣ አውርደው። በእኔ ላይ አውርደው።»

«እትዬ... ባትሪውም ጥቂት ነው የቀረው።»

«ለጥቂት ነው የምፈልገው።»

«አብደሻል እንዴ?» ጋሽ አምሳሉ መቅዘፊያውን ለቀቁ።

«እርስዎ ጀልባውን ብቻ ይያዙልኝ።»

ወረደ። ድሮኑ ከራሷ በላይ መጥቶ ቀጥ አለ። ያን ሁሉ ጊዜ ስትሰድበው ከቅርብ አይታው አታውቅም ነበር። እፍኝ የማይሞላ ነገር ነው። አራት ክንፍ፣ አንድ ዓይን፤ ምንም ሳይዘው አየር ላይ ተሰቅሏል፤ ንፋሱ ሻሿን ያወዛውዛል። ጌታ ሆይ፣ ሰው ይህን ሠራ? እንዲህ ያለውን ድንቅ ሠርቶ ነው ሕዝቅያስን የገደለበት? እንዲህ ያለውን ድንቅ ነው አሁን ባሏን የምትለምነው? ፍርሃቷንና መገረሟን መለየት አቃታት።

መቀመጫው ላይ ወጥታ ቆመች። ሻሿን ከራሷ ገፈፈች። አገጯን ወደ ሰማይ አነሣች።

«ክብሩ!» ጮኸች። «ቀና ብያለሁ! ሰማኸኝ? ቀና ብያለሁ፣ ፊቴ እያበራ ነው!»

ሸምበቆው ተሰበረ። መቅዘፊያ የሚደርስበት ቦታ ላይ ጭቃና ቅጠል የለበሰ ሰው ፈንድቶ ወጣ። «ተኚ! ወንጌ፣ ተኚ!» ጀልባውን ይዞ ወጣ፤ ጀልባው ሊገለበጥ አጋደለ፤ ጋሽ አምሳሉ «ኧረ በጌታ!» አሉ። ክብሩ ክንዷን ጎትቶ ጣላትና በላይዋ ተኛባት። ገላው በረዶ ሆኗል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ከእሷ አካል ምንም ለሰማይ አልተወም። ልቡ በጀርባዋ ላይ ይደልቃል። ወንጌላዊት ከሥሩ ሆና አለቀሰች፤ ሳቋም መጣ።

ምንም አልሆነም። ድምፁ እዚያው ነው። አይወርድም፣ አይሄድም።

«የኔ ነው፣ ክብሩ» አለችው። «እኔ ነኝ የላክሁት። ሙሽራ ናት ያዋሰችኝ።»

«አይቶኛል?» አላት በጆሮዋ።

«አይቶሃል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እኔ መጣሁ።»

ክንዱ ላላ። ቀስ ብሎ ከላይዋ ተነሣና ተቀመጠ፤ ዓይኑ ግን ጀልባው ወለል ላይ ነው። ወንጌላዊት አጠገቡ ተቀመጠች፤ አላጣደፈችውም። ሰኢድ በስልክ ባትሪው አለቀ እያለ ይለምናል፤ ጋሽ አምሳሉ ዝም አሰኙት። ክብሩ አንገቱን አነሣ። ጥቂት ብቻ አነሣ፤ ቆመ፤ ከዚያ ቀና አለ። ፊቱ በሙሉ ጭቃ ነበር። ወንጌላዊት ሻሿን ሐይቁ ውስጥ ነከረችና ጠረገችለት።