የቦራ ጠያቂዎች

ነገራ የጌዶ ከተማ ጋሪ ነጂ ነው። ያረጀችው ፈረሱ ስትሞት ተስፋው ሁሉ ጥላው በሄደችው ውርንጭላዋ በቦራ ላይ ቀረ፤ ቦራ ደግሞ ሁለት ዓመት ሳይሞላው የኋላ እግሩ መገጣጠሚያ አብጦ ያነክስ ጀመር። በጭነት መኪና አምቦ ወሰደው። የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ገብረአማኑኤል መገጣጠሚያውን ከፍተው ባቄላ የምታክል የአጥንት ስባሪ አወጡና፣

«ስልሳ ቀን ከጋጣ እንዳይወጣ። እህል እንዳይበዛበት። ከወፈረ እግሩ አይሸከመውም፤ ያኔ ለጋሪ ሳይሆን ለጅብ ነው» ብለው አሰናበቱት።

ነገራ በሚገባ ሰማ። ጌዶ ግን የሰማው «ከነገራ ቤት አንዱ አምቦ ሄዶ ኦፕራሲዮን ሆነ» የሚለውን ብቻ ነው።

በማግስቱ ጎረቤቱ ካሰች ዳቦ ይዛ መጣች። በሽተኛው ያለው ጋጣ ውስጥ መሆኑን ስታይ ትንሽ ቆም አለች። ታዲያ በሽተኛ ሊጠይቅ ዳቦ ይዞ የወጣ ሰው መልሶ ይዞት ይገባል? ነውር ነው። ሣሩ ላይ ተቀመጠችና «ዋቃዮ ሲ ሃ ፈይሱ፣ ይማርህ የኔ ልጅ» ብላ ቆርሳ አጎረሰችው።

ካሰች ጠይቃ ማን ይቀራል? ባለሱቋ ሰኪና ስኳር ይዛ መጣች። የቀበሌው ሊቀመንበር ብዙነህ ግራ እጁን አንስቶ «በሽታ ይውደም!» አለና አንድ ቁና ገብስ አስቀመጠ። በሁለተኛው ሳምንት የቦራ ሆድ ከበሮ አከለ፤ እግሩም መልሶ ያብጥ ጀመር።

«ጠያቂ መልስ እንጂ!» አለችው ሚስቱ ጉዴ።

«መልሼ ስሞት ማን ይቅበረኝ?»

ጋሪው ከቆመ ቤቱም መቆሙ ነው። ነገራ ቀኑን ሙሉ ሲብሰለሰል ዋለና በማግስቱ ደህናውን ጉልበቱን በፋሻ ጠቅልሎ ጋጣው በር ላይ ተኛ።

ሰው ታሞ እያለ ፈረስ የሚያጎርስ ማን አለ? ዳቦው ወደ ነገራ ዞረ፤ ስኳሩም፣ ገብሱም ተቆልቶ። «በቃኝ» ሲል «በሞቴ!» ይሉታል። ሊነሳ ሲሞክር ካሰች ደረቱን ይዛ «ቁስልህ ይከፈታል!» ብላ ትመልሰዋለች። ቦራ እየከሳ እየዳነ፣ ነገራ እየወፈረ እየደነዘዘ ስልሳው ቀን ሞላ።

ዶክተሩ ሊያዩ መጡ። ቦራ ከጋጣው ወጥቶ አራት እግሩን እኩል እየረገጠ ግቢውን ዞረ። ነገራ በደስታ ዘሎ ሊነሳ ሲል ጉልበቱ አልታጠፍ አለው፤ የቦራን አንገት ተደግፎ እያነከሰ ተከተለ። ዶክተሩ ሁለቱንም አዩና፣

«ፈረሱ ድኗል። ይኼኛውን ማን ነው ያከመው?» አሉ።

«እኛ ነን» አለች ካሰች፣ አንገቷን ደፍታ። «ኦቦ ነገራ፣ ጉልበትህ ደህና እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን እናውቅ ነበር። ፈረስ መጠየቅ ጀምረን መተው አፍረን ነበር እኮ፤ ተኝተህ ገላገልከን።»

ነገራ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ሳቁ ቀደመው፣ ከሳቁም ጋር እንባው መጣ። ያን ሁሉ ቀን እያወቁ መጥተዋል።

ዶክተሩ ለሁለቱም ጠዋትና ማታ የእግር ጉዞ አዘዙ። በማግስቱ ነገራ ቦራን በገመድ ይዞ፣ ወይም ቦራ ነገራን ይዞ፣ ቀስ እያሉ በካሰች ደጅ አለፉ። ካሰች ዳቦ ይዛ ወጥታ ነበር። አንዴ ፈረሱን አየች፣ አንዴ ሰውየውን አየች፤ ከዚያ ደጇ ላይ ቁጭ ብላ ራሷ በላችው።