የምንትዋብ ጋራንቲ

«እኔ እያለሁ ደግሞ ምን ወረቀት ያስፈልግሃል?» አለችው ምንትዋብ።

ሰላምሰገድ ጠረጴዛው ላይ የዘረጋውን የሚያብረቀርቅ ወረቀት በመዳፉ ሸፈነው፤ ነውር ነገር ይዞ የተገኘ ይመስል። ወረቀቱ ላይ ጥርሱ የነጣ ፈረንጅ መኪና ተደግፎ ይስቃል። ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰው የሚሸጥ የሁለት ዓመት ጋራንቲ ነው። ሞተር ቢበላሽ፣ ማርሽ ቢሰበር፣ ቱርቦ ቢቃጠል ኩባንያው ያሠራል። ታዲያ ኩባንያው ዝም ብሎ አይዋስም፤ አስቀድሞ መኪናዋን በራሱ መካኒክ ያስፈትሻል። ምንትዋብን ያስደነገጣት ይቺ መካኒክ የምትባል ነገር ነበረች።

«አይደለም እኮ እትዬ» አለ ሰላምሰገድ። «ልደታ ናት የጨቀጨቀችኝ። ቱርቦ ያለው አሮጌ መኪና ያለ ጋራንቲ አይገዛም ብሎ አንድ የሥራ ጓደኛዋ ነግሯት...»

«የሥራ ጓደኛዋ ነው በሠርግህ ቀን የእናትህን ወንበር ይዞ የተቀመጠው?»

«ኧረ እትዬ!»

«እንጃ እንግዲህ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው የቀረሁት፤ የናንተን ወረቀት አላውቅም። እኛ አገር ለሰው ዋስ የሚሆነው ሰው ነው። ከፈለግህ ውሰድና አስመርምራት። ይቺ ሴትዮ አጭበርባሪ ናት በልና አስመርምራት!»

ሰላምሰገድ ተነሥቶ ትከሻዋን ሳመ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተ። «በቃ፣ ጋራንቲዬ እርስዎ ነዎት» አለና ሣቀ። መኪናዋን ቅዳሜ ሊረከብ ተቃጥሮ ወጣ።

በሩ ሲዘጋ ምንትዋብ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። አውቃ ነው የተቆጣችው። ልጁ እዚህ ፈረንጅ አገር ዘመድ የለውም፤ ትምህርት ብሎ መጥቶ፣ ሥራ ይዞ፣ ልደታን ሲያገባ እናት ሆና የዳረችው እሷ ናት። እናት ከሆነች ሴት እጅ የወጣን ነገር መካኒክ ይየው ማለት ለእሱ ሞት ነው። ይህን ስለምታውቅ ነው የተቀየመች መስላ ያሸማቀቀችው። ሰፈሯ ሃሉንዳ ውስጥ ደግሞ ምንትዋብ በሁለት ነገር ትታወቃለች፤ በግትርነቷና ባለመዋሸቷ። እድር ላይ ተነሥታ ሰብሳቢውን ፊት ለፊት «ተሳስተሃል፣ ቁጭ በል» የምትል እሷ ናት። ዛሬ ያንን ስሟን ነው የሸጠችለት።

መኪናዋ የባሏ የከፍያለው ናት። ሰማያዊ፣ ዝቅ ያለች፣ ጅራቷ ላይ ክንፍ ያወጣች፣ ስትነሣ ሰፈሩን የምታስበረግግ። «ሃያ ዓመት የሰው አውቶብስ በቀስታ የነዳ ሰው አንድ ጊዜ የራሱን በፍጥነት ቢነዳ ምን አለበት?» ብሎ ነው የገዛት። ምንትዋብ ያኔ ሳምንት ሙሉ አኩርፋ ነበር። አሁን ግን ጉዳዩ ኩርፊያ አይደለም። ስኳሩ የከፍያለውን ዓይን እየበላው ነው። ሐኪሙ እንዳትነዳ ብሎታል። መንጃ ፈቃዱን መልስ የሚለው ደብዳቤም መጥቶ መሳቢያ ውስጥ ነው። እሱ ግን እሷ ሥራ የሄደች ሲመስለው እየወረደ ይነዳል። በጥቅምት አንድ ጠዋት በመስኮት አየችው። ወደ ኋላ ሲያወጣት አንዲት ሴት የሕፃን ጋሪ እየገፋች ከኋላው ታልፍ ነበር። ሴትየዋ ጋሪውን ጎትታ ዘለለች፤ እሱ ምንም ሳያይ ሄደ።

ማታ ሲገባ «ነዳጅ ተወደደ፤ እንሽጣት» አለችው። እሱም ጥቂት ዝም ብሎ «አዎ፣ ነዳጅስ ተወዷል» አለ። ስለ ዓይን ግን ማንም አላነሣም።

ችግሩ መኪናዋም ደህና አለመሆኗ ነው። ውሃ ትጠጣለች። «የሞተሯ ክዳን፣ ቴስታታዋ ጋ የተበላ ነገር አለ» ይላል ከፍያለው፤ እሑድ እሑድ ኮፈኑን ከፍቶ በዳበሳ ራዲያተሯን ይሞላላታል። አንድ ሳምንት ካለፋት ትፈላለች። ሊገዙ የመጡት ሁለት ሰዎች እሱ ራሱ ይህንኑ ነግሯቸው ጥለዋት ሄደዋል። ሦስተኛው ሰላምሰገድ ሲመጣ ምንትዋብ «እኔ ላናግረው፣ የኔ ልጅ ነው» ብላ ያዘችው።

ያን ቀን ማታ ከፍያለው ጠየቃት።

«የውሃውን ነገርሽው?»

«ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«አሠራታለሁ አለ።»

«ጎበዝ ልጅ! አየሽ፣ አውቆ ከገዛ ኋላ አያማንም» አለና ፊቱ ፈካ። ምንትዋብ የስም ማዛወሪያውን ወረቀት አምጥታ «በል ለቅዳሜ እንዳንቸገር አሁኑኑ ፈርም» አለችው። እስክሪብቶውን ይዞ «የት ጋ ነው?» ሲል ጣቷን መስመሩ ላይ አኖረችለት። ጣቷን ተደግፎ ፈረመ። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ከተተችው።

ሐሙስ ዕለት ሥራ ላይ እያለች ልደታ ደወለች። ምንትዋብ በየቤቱ እየሄደች አረጋውያንን ትረዳለች፤ ስልኩ ሲጮህ ለአንዲት አሮጊት ጫማ እያደረገችላት ነበር።

«እትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው» አለች ልደታ። «ስለዚያ ጋራንቲ። እኔ ነኝ ሰላምሰገድን ያስቸገርኩት። በቃ የመውለጃ ወሬ ሲገባ ጊዜ ፈሪ ሆንኩ። እንዳይቀየሙኝ።»

«ምንም አይደል ልጄ።»

«እውነት አልተቀየሙኝም?»

«አልተቀየምኩሽም አልኩሽ እኮ!»

ስልኩን ስትዘጋ አሮጊቷ እግሯን እያሳየች ታጉረመርማለች። ምንትዋብ የቀኙን ጫማ ግራ እግሯ ላይ አድርጋላት ኖሯል። አውልቃ እያስተካከለች፣ በዳይ እኔ፣ ይቅርታ ጠያቂ እሷ፣ አለች በልቧ። ልደውል? ልደውልና ልንገራት? ብነግራት አይገዙም። ካልገዙ መኪናዋ እዚያው መስኮት ሥር ትቆማለች፤ ቁልፉም የከፍያለው ኮት ኪስ ውስጥ። ጋሪዋን የምትገፋው ሴት ደግሞ ሁልጊዜ አትዘልም። ስልኩን ኪሷ ከተተችው።

ቅዳሜ ቀጠሮው አራት ሰዓት ነው። ለከፍያለው ግን ስድስት ሰዓት ብላዋለች። ሁለቱ ወንዶች ከተገናኙ ስለ ውሃው ማውራታቸው አይቀርማ! እሱ ከነጋ ጀምሮ ተላጭቶ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ ሶፋው ላይ ተቀምጧል፤ ልጁን የሚድር ነው የሚመስለው።

«መርቄ ነው የምሰጠው» አላት። «ሁለተኛ ማርሽ ላይ እንዳያስጨንቃትም እነግረዋለሁ።»

«ጥሩ። እኔ እስከዚያ ሰንትሩም፣ ገበያው ደርሼ ልምጣ» ብላ ቁልፉን በሩ ጋ ከተሰቀለው ኮቱ ኪስ ይዛ ወረደች። ደረጃውን ስትወርድ፣ መኪናውን እንዳይሰናበት እንኳ ከለከልኩት፣ ብላ አሰበች። ወደ ላይ ግን አልተመለሰችም።

ሰላምሰገድና ልደታ መኪናዋ አጠገብ ቆመው ይጠብቃሉ። ብርድ ነው። ልደታ ካፖርቷ አልዘጋ ብሎ ሆዷን በሻርፕ ጠቅልላለች።

«ጋሽ ከፍያለውስ?» አለ ሰላምሰገድ።

«አመመው። ተኝቷል።»

ይህም አራተኛ ውሸት ይሁን አምስተኛ፣ መቁጠሩን ትታዋለች። ሰላምሰገድ ሚስቱን አስገብቶ ሞተሩን አስነሣ፤ ማሞቂያውንም ከፈተላት። መኪናዋ አገሣች። እሱ እንደ ሕፃን ሣቀ። ወጥቶ የስም ማዛወሪያውን ወረቀት ኮፈኑ ላይ ዘረጋና ሊፈርም ጎንበስ ሲል ልደታ መስኮቱን አወረደች።

«ሰላሜ፣ የሆነ ነገር ይሸተኛል። የሚጣፍጥ ነገር... የተቃጠለ ስኳር የመሰለ።»

«ይኸውልዎ እትዬ!» አለ ሰላምሰገድ። «ትናንት ደግሞ ሊፍት ውስጥ ዶሮ ወጥ ሸተተኝ ብላ አራተኛ ፎቅ ያለ የፈረንጅ በር አንኳኩታለች!»

ልደታ አፏን ይዛ ሣቀች። «እውነቱን ነው፤ አፍንጫዬ አብዷል» አለችና ምንትዋብን በይቅርታ ዓይን አየቻት፤ እንደ ሐሙሱ።

ምንትዋብ ሽታውን ታውቀዋለች። እሑድ እሑድ ከከፍያለው እጅ አይጠፋም። ያ ብርድ እንዳያረጋው ፈሳሽ የተጨመረበት የራዲያተር ውሃ ነው። ልጅቷ በትክክል ያሸተተችውን ነው እብደት ያለችው፤ ያውም የምንትዋብን ስም አምና።

«አላበደም» አለች።

«ምኑ?» አለ ሰላምሰገድ፤ እስክሪብቶው አየር ላይ ቀርቷል።

«አፍንጫዋ። ሞተሩን አጥፋው። መኪናዋ ውሃ ትጠጣለች። በየሳምንቱ ካልተሞላላት ትፈላለች። ከፍያለው ንገሪው ብሎኝ ነበር፤ አልነገርኩህም። ለሱም ነግሬዋለሁ ብዬ ዋሸሁት። ጋራንቲ አትግዛ ያልኩህም መካኒኩ እንዳያገኘው ብዬ ነው።»

የሰላምሰገድ ፈገግታ ገና ፊቱ ላይ ነበር። «እትዬ፣ እየቀለዱ ነው?»

«ቀልድ የማውቅ እመስልሃለሁ?»

«እኔ እኮ ጎህ ሳይቀድ ነው ለሥራ ከሶለንቱና ዮርድብሩ ድረስ ከተማውን አቋርጬ የምወርደው። በዚህ ብርድ መንገድ መሐል ብትቆም... ልደታን ምጥ ይዟት እየሄድን ብትቆም...»

«አውቃለሁ።»

«ያውቁ ነበር?»

«አውቃለሁ እኮ ነው የምልህ።»

ልደታ ሞተሩን አጥፍታ፣ የመኪናውን በር ተደግፋ ቀስ ብላ ወጣች። «ለምን?» አለች።

«ዓይኑ አያይም» አለች ምንትዋብ። «ከፍያለው ዓይኑ አያይም። በጥቅምት አንዲት እናት ከነልጇ ሊጨፈልቅ ነበር። መኪናዋ እዚህ ካለች መንዳቱን አይተውም። ከዚህ ትሂድልኝ ብዬ ነው።»

«ታዲያ አትነዳም አይሏቸውም?» አለች ልጅቷ።

ምንትዋብ ኮፈኑ ላይ የተዘረጋውን ወረቀት ታስተካክል ጀመር።

«ይህቺን አንድ ቃል ለባልዎ መናገር ከበደዎትና እኛን አስገቧት ውስጧ?» አለች ልደታ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ምንትዋብ ለጮኸባት ሰው መልስ አታጣም።

ሰላምሰገድ ያልፈረመበትን ወረቀት ኮፈኑ ላይ ተወው። ቁልፉን ነቅሎ በእጇ ሳይሰጣት ወረቀቱ ላይ አኖረውና ሚስቱን ደግፎ ወደ ባቡሩ ጣቢያ ሄደ። ዞር ብሎም አላያት።

ቤት ስትገባ ከፍያለው እንደተቀመጠ ነው። «መጡ?» አለና ሊነሣ ተደገፈ።

«መጥተው ሄዱ። ተቀመጥ።»

ቆማ ነገረችው፤ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ። ጋራንቲውን፣ ቁጣዋን፣ ሰዓቱን፣ ሁሉንም። እሱ ጭንቅላቱን ወደ ድምፅዋ አዘንብሎ ሰማ። ጨርሳለች ብሎ ሊናገር ሲል አቋረጠችው።

«ዓይንህ አያይም፣ ከፍዬ።»

«አያለሁ።»

«አታይም። በጥቅምት ጋሪ የምትገፋ ሴት ከኋላህ ነበረች።»

«የቷ ሴት?»

«ይኸው። አላየሃትም እኮ።»

ከፍያለው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖረ።

«በመስኮት ታዪኝ ነበር?»

«አዎ።»

«አይተሽ ዝም አልሽ።»

«አይቼ ዝም አልኩ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። አልሰጥህም።»

«አልጠየቅኩሽም» አለ። ቀጥሎም እጁን ዘረጋ። «ስልክ ስጪኝ። ለልጆቹ ደውዪና ስጪኝ።»

ደወለች። ያነሣችው ልደታ ናት። ከፍያለው ስልኩን ተቀብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄ፣ ከፍያለው ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ ራሴ ወርጄ መናገር ነበረብኝ። ዓይኔ...»

ምንትዋብ ከእጁ ነጠቀችው። ይህን መስማት አልቻለችም። «የሱ አይደለም! እሱ ንገሪ ብሎኛል። የኔ ነው። ብቻዬን የሠራሁት ነው።»

በዚያኛው በኩል የባቡር ድምፅ ይሰማል። «ሰምተናል እትዬ» አለች ልደታ።

«ለሰላምሰገድ ንገሪልኝ።»

«ምን ልበለው?»

«ራሴ እመጣለሁ። ዛሬ እመጣለሁ፤ ፊቱ ቆሜ እለዋለሁ።»

«ዛሬ አይምጡ» አለች ልደታ። ስልኩ ተዘጋ።

«ምን አለች?» ሲል ከፍያለው ጠየቀ።

«ዛሬ አትምጪ አለችኝ።»

ራሱን ነቀነቀ። ክራቫቱን ሊፈታ አንገቱ ሥር በጣቱ ይዳብሳል፤ ቋጠሮው ጠብቆበታል። ልትፈታለት እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። ራሱ እስኪፈታው ድረስ ፊቱ ቆማ ጠበቀችው።