አርባ ዘጠኝ ክር

ባለፈው ግንቦት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሶዶ በሚገኘው የሽመና ክፍሌ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበርን፦ እኔ ቃለሕይወት፣ ታናሽ እህቴ ቤቴል እና የክፍል ጓደኛዋ ሩት። ሁለቱ ኮሌጅ ገብተው ኮምፒውተር ይማራሉ። ከቤታችን የሚሠራ ሶኬት ያለው እኔ ክፍል ብቻ ስለሆነ የሩትን ላፕቶፕ ይዘው መጡ። እኔ ዱንጉዛ፣ የወላይታን ባለ ቀለም የባህል ጨርቅ፣ እየሸመንኩ ነበር። ሩት ባለችበት ብዙ አልናገርም።

ቤቴል ጭንቅ ይዟታል። «ሲ» በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈችውን ፕሮግራም ሰኞ መምህሩ ይፈትኑታል። የፈለጉትን ቁጥር ያስገባሉ፤ መልሱ ከተሳሳተ ኮርሱን በሚቀጥለው ዓመት ትደግማለች። የፕሮግራሙ ሥራ አንድ ቁጥር ፕራይም መሆን አለመሆኑን መለየት ነው።

«ፕራይም ምንድን ነው?» አልኩ፣ ዓይኔን ከክሩ ሳላነሳ።

«ኧረ! ወንድምሽ ይናገራል እንዴ?» አለች ሩት።

«በዓመት አንዴ» አለች ቤቴል። «ቃሌ፣ ከአንድና ከራሱ በስተቀር በምንም እኩል የማይካፈል ቁጥር ነው። እንደ አሥራ ሦስት።»

ይህንንስ አውቀዋለሁ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ባቆምም፣ ክር እኩል እኩል ስከፍል የምውል ሰው ነኝ። አንዳንዱ ቁጥር እንዴትም ብትከፍለው ክር ይተርፍሃል።

ሁለቱ ለሙከራ 97 አስገቡ፤ ፕሮግራሙ ፕራይም ነው አለ። 100 አስገቡ፤ አይደለም አለ። በ51ም አልተሳሳተም። አጨበጨቡ።

«ጋሼ ቃሌ፣ አንተም አንድ ቁጥር ስጠን» አለች ሩት። «ወይስ የዘንድሮውን ንግግርህን ጨረስክ?»

«አርባ ዘጠኝ» አልኩ። እጄ ላይ የነበረው ጥለት አርባ ዘጠኝ ክር ነው።

ላፕቶፑ «49 ፕራይም ነው» አለ።

ደነገጥኩ። ኮምፒውተር ይሳሳታል ብዬ አላሰብኩም። ሥራዬን አቁሜ ክሩን በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ቀይ ሰባት። ጥቁር ሰባት። ቢጫ ሰባት።

«ምን ሆንክ?» አለች ቤቴል።

«የሰው ዱንጉዛ ነው። አበላሽቼው እንዳይሆን» አልኩና እስከ መጨረሻው ቆጠርኩ። «ሰባት መስመር ነው፣ እያንዳንዱ ሰባት ክር። የተረፈ የለም።»

ሩት ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ኮምፒውተሩን ትቶ ጨርቁን ይጠረጥራል!»

ቤቴል ግን አልሳቀችም። 25 አስገባች፤ ፕራይም ነው አለ። 9 አስገባች፤ እሱንም ፕራይም ነው አለ።

«ወይኔ ጉዴ!» አለች።

ስህተቱን ያገኘችው መስመር በመስመር ስታነብ ነው። ፕሮግራሙ ከሁለት ጀምሮ በየተራ እያካፈለ ይሞክራል፤ የሚቀጥለው ግን አካፋዩ በራሱ ተባዝቶ ከቁጥሩ እስካነሰ ድረስ ብቻ ነው። ሰባት ጊዜ ሰባት ከአርባ ዘጠኝ አያንስም፣ እኩል ነው። ስለዚህ ሰባትን ሳይሞክር ይቆም ነበር። ቤቴል ከ«ያንሳል» ምልክት ጎን የእኩል ምልክት ጨመረችና እንደገና ሞከረች።

«49 ፕራይም አይደለም።»

ጮኸች። አንገቴ ላይ ስትጠመጠም መወርወሪያው ከእጄ ወደቀ። ሩትም እጄን ጨብጣ ቶሎ አልለቀቀችኝም።

«በል እንጂ፣ የሚቀጥለውን ዓመት ንግግር ዛሬ ተናገረው!» አለችኝ።

«ሻይ ላፍላላችሁ?» አልኩ። ከዚህ የተሻለ አልመጣልኝም። ሁለቱም እንደገና ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

ሰኞ ጠዋት መምህሩ 169 አስገቡ፤ አሥራ ሦስት ጊዜ አሥራ ሦስት ማለት ነው። ፕሮግራሙ ፕራይም አይደለም አለ። ቤቴል ኮርሱን አለፈች።