ለሌላ ሴት የተጻፈ ሳቅ

«ሴትዮይቱ መጥታለች» አለች ታቢታ፣ የለቅሶውን ብስኩት ሳህን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ።

«የቷ ሴትዮ?»

«የቷ ትያለሽ እንዴ! የደብዳቤዋ ናታ! ከለንደን በባቡር፣ ከጣቢያው ወዲህ ደግሞ በከሰል ጋሪ። ጥቁር ለብሳለች። ከአንቺ ጥቁር የሷ ይሻላል።»

ኬዚያ ኦርመሮድ ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም። ባሏ ኤልካና ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። መጋረጃው ወርዷል፤ ሰዓቱ እንዲቆም ተደርጓል፤ መስተዋቱ አንሶላ ለብሷል። ኤልካና በሚቀጥለው ክፍል በሳጥኑ ውስጥ ተኝቷል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አናጢው መጥቶ ክዳኑን በምስማር ይመታል፤ ከዚያ ወደ መቃብር ነው። ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡት አራት ጎረቤቶች «የደብዳቤዋ» የሚለውን ሲሰሙ ሻያቸውን መጠጣት ረሱ። እንዲህ ያለ ነገር በየለቅሶው አይገኝም።

«ምን ፈልጋ ነው?»

«ደብዳቤዎቿን ነዋ። ሕጋቸው አይደል? ከነሱ አንዱ ሲሞት የተጻፈለት ለጻፈው ይመለሳል። የወንድሜን የኤልካናንም ይዛልሽ መጥታለች።»

«እነሱ» የሚባሉት የድንጋይ ሽበት ሰብሳቢዎቹ ናቸው። በዚያ የእንግሊዝ አገር የላንካሻየር ሸማኔዎች መንደር ግማሹ ወንድ ስድስት ቀን ይሸምናል፤ በሰባተኛው ማጉያ መነጽሩን ኪሱ ከቶ ተራራ ይወጣል። አውሬ ሊያድን እንዳይመስላችሁ። ድንጋይና እርጥብ ግንብ ላይ የሚበቅለውን ያንን ጥፍር የማያክል አረንጓዴ ሽበት ፍለጋ ነው። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ጠላ ቤት ይሰበሰቡና ያገኙትን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ስሙ ይኼ ነው፣ ይኼ አይደለም እያሉ አንገት ለአንገት ሊተናነቁ ይደርሳሉ። የሌላ አገር ወንድ በሴት ይጣላል፤ የዚያ አገር በድንጋይ ሽበት። የሁሉም አለቃ ኤልካና ነበር። ትምህርቱ አራት ክረምት አይሞላም፤ የዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ግን «የተከበሩ ሚስተር ኦርመሮድ» እያሉ ይጽፉለት ነበር።

ሊቃውንቱስ ይጻፉ። ኬዚያን ያቃጠላት ሌላ ነው።

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ኤልካና ከፏፏቴው ጀርባ ካለው ቋጥኝ ላይ ማንም ስሙን የማያውቀው ሽበት አገኘ። አንዱ ሊቅ ለንደን ያለችው ሚስ ኦክታቪያ ሊንዴል ታውቀዋለች፣ ላክላት አለው። ላከላት። መልስ መጣ፤ አራት ገጽ። ኤልካና መስኮቱ ጋ ቆሞ አነበበና ሳቀ። ኬዚያ ባሏ ሲስቅ ከሰማች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር።

«ምን አለች?»

«ስለ ሽበት ነው።»

ከዚያ ወዲያ በየሁለት ሳምንቱ መጣ። ባነበበ ቁጥር ይስቃል፤ ስትጠይቀው «ስለ ሽበት ነው» ይላል። ሽበት ምኑ ያስቃል?

ኬዚያ ፊደል አልቆጠረችም። የዚያችን ሴት ጽሑፍ ግን ከሺህ መሃል ትለየው ነበር፤ እንደ ድመት ጅራት እየረዘመ የሚጠቀለል ነው። ኤልካና ሲወጣ ፖስታውን ታሸተው ነበር፤ ሽቶ ቢኖረው ብላ። ወረቀት ወረቀት ይሸታል። የባሏ እህት ታቢታ ማንበብ ትችላለች። ነገር ግን ለባል እህት ሄዶ «ወንድምሽ ከማን ጋር ነው የሚሳሳቀው?» ማለት ቢላዋ አስልቶ እጇ ላይ ማኖር ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ መንደሩ እየሳቀባት ይሁን አይሁን እንኳ ሳታውቅ ጥርሷን ነክሳ ኖረች።

አንድ ጊዜ ብቻ አልቻለችም። የዛሬ ስድስት ዓመት በጸደይ፣ ኤልካና ተራራ በወጣበት፣ ከወትሮው ወፈር ያለ ፖስታ መጣ። ምድጃውን ከፍታ ወረወረችው። ጅራታሞቹ ፊደሎች ተኮማትረው እስኪጠቁሩ ድረስ ቆማ አየች። ከዚያ በኋላ ኤልካና ፖስተኛው ባለፈ ቁጥር መወርወሪያውን ከሽመና ዕቃው ላይ ጥሎ በር ይወጣ ጀመር። አምስት ሳምንት። ምንም አላላትም፤ ገንፎውን ግን በግማሹ ይተው ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ሌላ ደብዳቤ መጣና ዳነ። እሷ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

«አስገቢያታ» አለች አሁን። ወደ ጎረቤቶቹም ዞራ፣ «እናንተ ደግሞ ሻያችሁን ጨርሳችኋል።»

«ኧረ ገና ነው፣ ኬዚያ...»

«ጨርሳችኋል።»

እያጉረመረሙ ወጡ።

ኬዚያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህችን ሴት በልቧ ስትስላት ኖራለች፦ አንገተ ረጅም፣ ወርቃማ ጸጉር፣ ወገቧ በአንድ እጅ የሚጨበጥ። በበሩ የገባችው ግን ስልሳ ዓመት ያለፋት፣ አንድ ትከሻዋ የወረደ፣ የመነጽሯ መስታወት የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል፣ በከዘራ የምትሄድ ድንክ አሮጊት ናት። ሌላ ሚስት ብትሆን «እፎይ» ትል ነበር። ኬዚያ ግን ይብስ ደሟ ፈላ። ወንድ ለቆንጆ ሴት ይሸነፋል፤ ወንድ ነውና። ለዚህችስ ምን ብሎ?

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ሚሲስ ኦርመሮድ» አለች ሚስ ሊንዴል።

«ቁጭ በይ።»

ታቢታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የለንደን እመቤት «አንቺ» ስትባል አይታ አታውቅም። እመቤቲቱ ግን ተቀመጠችና ከቦርሳዋ በጥቁር ክር የታሰረ የወረቀት ክምር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ኬዚያም ከሽመና ዕቃው ሥር የነበረውን የቆርቆሮ ሣጥን አምጥታ አጠገቡ አስቀመጠች። ሁለት ክምር። እኩል ነበሩ።

«አንብቢልኝ» አለች ኬዚያ።

«ይቅርታ?»

«የሱን። ዓይኔ በለቅሶ ደክሟል።»

ሚስ ሊንዴል ዓይኗን አየቻት። ደረቅ ነበር። ክሩን ፈታች።

የመጀመሪያው ስለ ሽበት ነበር። ሁለተኛውም። ታቢታ ጥግ ተቀምጣ ማንጎላጀት ስትጀምር ሦስተኛው መጣ፦

«‹የሰባኪው ፍየል ሊደርቅ ያሰጣሁትን የአንድ በጋ ሽበት ሙልጭ አድርጋ በላችው። ሰባኪው ፍየሊቱም የጌታ ፍጥረት ናት ብሎ መከረኝ። እኔም ሆዷ ውስጥ ያለው ጉባኤ በሙሉ የጌታ ፍጥረት ነው፣ እዚያው ግባና ስበክ አልኩት። ይኸው ከዚያ ወዲህ ሰላም አይለኝም።›»

ታቢታ ሳቀች። ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ብሏት አፏን በሻሿ ያዘች።

ኬዚያ አልሳቀችም። ያንን ቀን ታስታውሰዋለች። ባርኔጣውን ሰቀለ፣ በላ፣ ተኛ። ቃል አልወጣውም።

«ይህን ሁሉ እሱ ነው የጻፈው?»

«እሱ ነው።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት አጠገቡ ተኝቻለሁ። ለእኔ ‹ገንፎው ቀጥኗል› ነበር የሚለኝ።» ድምጿ እንደ ሰም ክር ቀጠነ። «ፍቅር ቢጽፍልሽ ይሻለኝ ነበር። ፍቅርን እኔም አውቀዋለሁ፣ ቶሎ ያልቃል። ጨዋታውን ለአንቺ ልኮ ዝምታውን ለእኔ አመጣው! እኔስ? እኔ የለሁበትም?»

ሚስ ሊንዴል ወረቀቶቹን ስታገላብጥ ቆየች።

«አሉበት» አለች፤ ማንበቡን ባትፈልገውም አንዱን አውጥታ አነበበች። «‹የቤቴ ሰው ዛሬም በደብዳቤሽ ምክንያት ድስት ስታጋጭ ዋለች። ስለ ሽበት ነው ብላት አታምነኝም። ማስረዳት እችላለሁ፤ ግን በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ መልኬ፣ የሚቀናብኝ ሰው አለኝ። ይህን ደስታ በገዛ እጄ ላጠፋው አልፈልግም። ደግሞ ሲከፋት ዳቦዋ ይጣፍጣል።›»



«ይሄ ውሻ!» አለች ኬዚያ። ፊቷ ቀልቶ ነበር። በዚያች ቅጽበት ደስ ሊላት ምንም አልቀረው። ወዲያው ግን ሌላ ነገር ወጋት። «ታዲያ ይህንን ለእኔ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? ይህንንም የነገረው ለአንቺ ነው!»

ሚስ ሊንዴል ወረቀቱን አጠፈች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ሚሲስ ኦርመሮድ። ከስድስት ዓመት በፊት ለእርሱም ለእርስዎም በአንድ ፖስታ ጽፌ ነበር። ቋጥኙን ማየት እፈልጋለሁ፣ ሁለት ቀን ታሳድሩኛላችሁ ወይ ብዬ። መልስ አልመጣም። እንዳልተፈለግሁ ገባኝና ዳግመኛ አላነሳሁትም። እሱም አላነሳውም። እስከ ዛሬ ድረስ ከእኔ ኀፍረት ሌላ ምክንያቱን አላውቅም።»

ኬዚያ ሽርጧን ጨበጠች። ልትዋሽ ትችል ነበር። ግን ውሸት የፈሪ ነው፤ ኬዚያ ብዙ ነገር ናት፣ ፈሪ አይደለችም።

«አልደረሰውም። አቃጠልኩት።»

«ኬዚያ!» አለች ታቢታ።

«ዝም በይ አንቺ።»

ትንሿ አሮጊት ቀስ ብላ ተነሳች። ከዚያ ከዘራዋን ወለሉ ላይ መታችው፤ ጽዋዎቹ ተንጫጩ።

«ስድስት ዓመት! የአንድ ቀን የባቡር መንገድ ነበር! ‹ገንፎው ቀጥኗል› ይለኛል ብለው ያማርሩልኛል። ሲል ድምፁ እንዴት ነበር? ወፍራም ነው? ሻካራ ነው? አላውቅም! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እያንዳንዱን ደብዳቤ እኔው በፈጠርኩት ድምፅ ነው ያነበብኩት! ደብዳቤዎቼን አልፈልግም። ይውሰዷቸው፣ ያቃጥሏቸው። ፊቱን ያሳዩኝ።»

ከውጭ የአናጢው ጋሪ ቆመ።

እንግዲህ ኬዚያ ምን ቀራት? ቃሉን ያቺ ወስዳዋለች፤ ሳቁን ወስዳዋለች። ፊቱ ብቻ የሷ ነበር፣ ከነኪንታሮቱ፣ ከነተሰነጠቀ ከንፈሩ። «አይሆንም» ብትል ማንም አይፈርድባትም፤ አናጢው ሁለት ምስማር ይመታና ነገሩ ያበቃል። «አይ» ልትል አፏን ከፈተች። ኤልካና በዚያ ጸደይ በር ላይ ቆሞ መንገዱን ሲያይ ትዝ አላት።

«ነይ» አለች።

በሳጥኑ አጠገብ ቆሙ። ሚስ ሊንዴል መነጽሯን ጠርጋ አየች፤ እንደገና ጠርጋ አየች።

«ረጅም ይመስለኝ ነበር።»

«በወረቀት ላይ ማንም ይረዝማል» አለች ኬዚያ። ደግሞም፣ «ድምፁ ሻካራ ነበር። የሽመናው አቧራ ነው።»

አናጢው ባርኔጣውን አውልቆ ክዳኑን ይዞ ገባ። ታቢታ ወደ እንግዳዋ ጠጋ አለች። «ይንኩት እንጂ፣ እመቤቴ። በኛ አገር አስከሬን አይቶ ሳይነኩ መሄድ የለም። ሦስት ቀን ሙሉ የመጣው ሁሉ ግንባሩን ነክቶ ነው የወጣው።»

«ባልነካውስ?»

«በሕልምዎ ይመጣብዎታላ!»

ሚስ ሊንዴል ጓንት ያጠለቀች እጇን ደረቷ ላይ ሰበሰበች። «ይምጣ» አለች በለሆሳስ።

«እሱማ አይሆንም!» አለች ኬዚያ። እጇን አፈፍ አድርጋ ያዘቻት፤ ጓንቷን በጣት በጣቱ ስባ አወለቀችው፤ ያቺን ቀለም የነካት ትንሽ መዳፍ የኤልካና ግንባር ላይ ጭና የእጇን አንጓ ያዘቻት። ለረጅም ጊዜ አልለቀቀቻትም። አሮጊቷ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች፤ እጇን ግን አልነጠቀችም።

«ይበቃል፣ በቃ» አለች ታቢታ። «አንቺስ ኬዚያ? አጥቤ የገነዝኩት እኔ ነኝ፤ ነፍሱ ከወጣች ወዲህ ጣትሽ አልነካውም። ነይ ቶሎ ንኪው፣ ሰውየው ክዳን ተሸክሞ ቆሟል።»

ኬዚያ ወደ ሳጥኑ አንድ እርምጃ ቀረበች። ቁልቁል አየችው። ከዚያ ሁለት እጆቿን ሽርጧ ሥር ከተተችና ጥብቅ አድርጋ ጨበጠቻቸው።

«ምታው» አለችው አናጢውን።